ከግድብ በታች ላሉ የዓሣ ጫጩቶች በበጋ የሚለቀቅ ውኃ

ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን የሚወርደው የላጉኒታስ ወንዝ፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፒተርስ ግድብ ተሠርቶ ኬንት የተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ከተፈጠረ ወዲህ፣ የበጋ ፍሰቱ ለሰው ፈቃድ የተገዛ ሆኗል።

በዚህ ወንዝ ኮሆ የተባለው የሳልሞን ዓሣ በክረምት ዕንቁላሉን በጠጠር ውስጥ ይጥላል፤ በጸደይ ብቅ የሚሉት ጫጩቶች ግን ፈጥነው ወደ ባሕር የሚወርዱ ሳይሆኑ አንድ ዓመት ያህል በወንዙ የሚሰነብቱ በመሆናቸው፣ ዝናብ የማይጥልበትን የካሊፎርኒያን ረጅም በጋ በዚያው ማሳለፍ ግድ ይሆንባቸዋል። ያን ጊዜ ውኃው ቢጎድል አስቀድሞ የሚደርቀው በጠጠር ላይ እየፈጠነ የሚሮጠው ስስ ፈሳሽ ነው፤ የጫጩቶቹ ሲሳይ የሆኑት ጥቃቅን ነፍሳት ተንሳፍፈው የሚመጡት ከዚያ ነውና፣ በኩሬ ተከበው የቀሩት ይራባሉ፤ ውኃው በሐሩር ሲሞቅም የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚያንስ ይታፈናሉ።

ስለዚህ የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር የውኃ ሀብት ቁጥጥር ቦርድ በ1995 ባወጣው ትእዛዝ፣ በበጋ በሰከንድ ቢያንስ 8 ጫማ ኩብ፣ ማለትም 227 ሊትር ገደማ፣ በደረቅ ዓመት ደግሞ 6 ጫማ ኩብ እንዲፈስ ደነገገ። እኔ ይህን ፍትሐዊ ድንጋጌ እለዋለሁ፤ ወንዙ ለከተማ ቧንቧ ብቻ የተፈጠረ አይደለምና።

ይሁን እንጂ መጠኑ ብቻ አይበቃም። በበጋ የሐይቅ ገጽ ሞቃት፣ ጥልቁ ቀዝቃዛ ስለሚሆን፣ ውኃው ከየትኛው ጥልቀት እንደሚቀዳ መታሰብ አለበት፤ ፍሰቱን መቀነስ ሲያስፈልግም መዝጊያው ጥቂት በጥቂት ይዞር፤ በድንገት የተዘጋ እንደ ሆነ፣ በዳርቻው ጠጠር መካከል የተሸሸጉት ጫጩቶች በደረቅ ይቀራሉ።