በሁለት በሮች መካከል ያለው ሰዓት

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዋ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄደች መርዳት ነው። ገላቸውን ታጥባለች፣ ልብስ ታለብሳለች፣ ቁርስ ታቀርባለች፣ መድኃኒታቸውን መውሰዳቸውን ታያለች። እኔ ጋ የምትደውለው ሁልጊዜ አውቶቡስ ላይ ሆና ነው። ናፍቆት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን «ወንድምዓለም፣ የማወራህ ማንም በማይከፍለኝ ሰዓት ነው፤ በሚከፈለኝ ሰዓትማ ስልክ አይነካም» አለችኝ። ዛሬ የማነሳው ያንን የማይከፈልበትን ሰዓት ነው።

ስሌቱን በቀላል ቁጥር እንሥራው። አንዲት ተንከባካቢ በቀን ስድስት ቤት ትገባለች፣ በእያንዳንዱም አንድ ሰዓት ትቆያለች እንበል። በስድስቱ ቤቶች መካከል አምስት ጉዞ አለ፤ አንዱ ጉዞ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የመጀመሪያው በር ከተከፈተ የመጨረሻው እስኪዘጋ ስምንት ሰዓት ተኩል ይሄዳል። የቀጠራት ኤጀንሲ በሰዓት 17 ዶላር የሚከፍላት ቤት ውስጥ ለቆየችበት ብቻ ከሆነ የቀን ገቢዋ 102 ዶላር ነው። ለስምንት ሰዓት ተኩል ሲካፈል 12 ዶላር ይመጣል። የሜሪላንድ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ደግሞ 15 ዶላር ነው። ቅጥር ውሉ ላይ ከወለሉ በላይ የነበረው ደመወዝ አውቶቡስ ላይ ሲደርስ ከወለሉ በታች ወረደ ማለት ነው። ከራሷ ቤት እስከ መጀመሪያው ደንበኛ ያለውን መንገድ አልቆጠርኩም፤ እሱን ሕጉም አይቆጥረውም። ከደንበኛ ወደ ደንበኛ የሚሄዱበት ጊዜ ግን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የሥራ ሰዓት ነው።

ይህን ጉዞ ማሳጠር ያን ያህል ከባድ ነው? ከባድ ነው፤ ግን መፍትሔ ያጣ አይደለም። ስድስት ደንበኞችን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ የሚቻልባቸው መንገዶች 720 ናቸው። ደንበኞቹ አሥር ሲሆኑ ቁጥሩ 3,628,800 ይደርሳል። አንዲት ስኬጁል አውጪ በእስክሪብቶና በኤክሴል የምትገፋው ነገር አይደለም። ሶፍትዌር ግን አለው፤ የስዊድን ማዘጋጃ ቤቶች ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቤት ለቤት ሠራተኞቻቸውን ጉዞ በኮምፒውተር ሲያቀናብሩ ኖረዋል። መሣሪያው ከ20 ዓመት በላይ ገበያ ላይ እያለ የአክስቴ ልጅ አውቶቡስ ላይ የምትውለው ለምንድን ነው?

እንደገና እናስላ። ስኬጁሉ ተስተካክሎ እያንዳንዱ ጉዞ ከ30 ደቂቃ ወደ 10 ወረደ እንበል። በቀን 100 ደቂቃ ተረፈ። ኤጀንሲው የጉዞ ሰዓትን የሚከፍል ከሆነ በአንድ ሠራተኛ በቀን 28 ዶላር ከ33 ሳንቲም ያተርፋል። ሠራተኞቹ 50፣ የሥራ ቀኑ በዓመት 250 ቢሆን ትርፉ ከ354 ሺሕ ዶላር ይበልጣል። በዚህ ገንዘብ ሶፍትዌሩን ገዝቶ፣ ጎበዝ ስኬጁል አውጪም ቀጥሮ ይተርፈዋል። የጉዞ ሰዓትን የማይከፍል ከሆነስ? በፊትም 102 ዶላር ይከፍላል፣ በኋላም 102 ዶላር ይከፍላል። ትርፉ ዜሮ ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንደሚባለው፣ የጠፋው ሰዓት የሚያመው ሌላውን ነው። መጥፎ ስኬጁል ብዙ ጊዜ የችሎታ ጉድለት ይመስለናል። እኔ ግን የዋጋ ጉዳይ ነው እላለሁ፦ በነፃ የተገኘን ነገር ማንም አይቆጥብም።

ለኤጀንሲዎቹም አንድ ነገር ልበልላቸው። የድሆች የጤና መድን የሆነው ሜዲኬይድ ለቤት ውስጥ እርዳታ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በ15 ደቂቃ እየለካ፣ ሠራተኛዋ ደንበኛው ዘንድ ለቆየችበት ነው። አውቶቡሱ ደረሰኝ የለውም። ከዚያችው ክፍያ ላይ የጉዞውን፣ የቢሮውን፣ የሥልጠናውን የሚሸፍነው ኤጀንሲ፣ ገዢው ያልገዛውን ሰዓት ሠራተኛዋ ላይ መጣል ይቀለዋል።

ሕጉም ቢሆን በአንድ ቀን እዚህ አልደረሰም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1974 የቤት ሠራተኞችን ከዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ጥላ ሥር ሲያስገባ፣ ለአረጋውያን «ጓደኛ» የሚሆኑትን ግን ውጭ አስቀራቸው። ሐሳቡ ጎረቤት ሄዳ ከአሮጊቷ ጋር የምትጫወት ልጅ ነበረች፤ ከሥሩ ግን ትልቅ ኢንዱስትሪ በቀለ። ኤቭሊን ኮክ የተባለች የኒውዮርክ ተንከባካቢ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰችው፤ በ2007 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ፈረዱባት። የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ደንቡን የለወጠው በ2013 ነው። በኤጀንሲ የሚቀጠሩ ተንከባካቢዎች ዝቅተኛ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያገኙት፣ ክርክሩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2015 ከተቋጨ በኋላ ነው። በሐምሌ 2025 ደግሞ ያው ሚኒስቴር ደንቡን ወደ ቀድሞው የመመለስ ረቂቅ ሐሳብ አቀረበ።

የትርፍ ሰዓቱ ነገር ማንም ያላቀደው መዘዝ አለው። ከ40 ሰዓት በላይ ለሚሠራ አንድ ተኩል እጥፍ መክፈል ግዴታ ሲሆን ብዙ ኤጀንሲዎች ሠራተኛውን 40 ላይ ያቆሙታል። በ40 ሰዓት የቤት ኪራይ የማትሞላና አገር ቤት ገንዘብ የምትልክ ሴት ሁለተኛ ኤጀንሲ ትገባለች። ሁለት ስልክ፣ ሁለት አለቃ፣ አንዱ የሌላውን የማያይ ሁለት ስኬጁል። ጠዋት ሰሜን፣ ከሰዓት ደቡብ። የትኛውም ሶፍትዌር የማያውቀውን ግማሽ ቀን ሊያቀናብር አይችልም። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቀዳዳው በዚህ በኩል ነው።

የሚያስቀው፣ የጠፋውን ሰዓት ለመለካት የሚያስፈልገው መረጃ እጃቸው ላይ መኖሩ ነው። በ2016 የወጣ ሕግ ሜዲኬይድ የሚከፍልባቸው የቤት ለቤት ጉብኝቶች በኤሌክትሮኒክስ እንዲረጋገጡ ያዛል። ስድስት ነገሮች ይመዘገባሉ፦ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ተቀባዩ፣ ሰጪዋ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት። ዓላማው ያልተሠራን ሥራ ሠራሁ የሚለውን መያዝ ነው። ሆኖም የአንዱ ጉብኝት ማብቂያና የሚቀጥለው መጀመሪያ ካለ፣ በመካከል ያለውን ለማግኘት መቀነስ ብቻ ይበቃል። በየወሩ ከተከፈለ አንድ ሰዓት ጎን ስንት ደቂቃ መንገድ ላይ እንደቀረ የሚያሳይ አንድ ቁጥር ቢታተም፣ ከፋዩ መንግሥት የትኛው ኤጀንሲ ሰው እንደሚያንከራትት ወዲያው ያይ ነበር።

መንገዱ ቢስተካከልም ጠዋት አለ። ሁሉም አረጋዊ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከአልጋ መነሣት፣ መታጠብ፣ ቁርስ መብላት ይፈልጋል። ስልሳ ደንበኛ በእነዚህ ሁለት ሰዓታት የአንድ አንድ ሰዓት እርዳታ ቢፈልግ 30 ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ግን ለስምንት ሰው የሚሆን ሥራ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ቀኑ ይሰነጠቃል፦ ጠዋት ሥራ፣ መሐሉ ባዶ፣ ማታ እንደገና ሥራ። እዚህ ላይ ሶፍትዌር ብቻውን አይረዳም፤ ቤተሰቡን ማነጋገር ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ አይዘገይበትም። የልብስ አጠባው፣ የገበያው፣ የቤት ጽዳቱ ግን ሰዓት አያሳድደውም፤ ወደ ቀኑ መሐል ይሂድ። «የምትመጣው ያችው ልጅ ትሁን እንጂ ስምንት ሰዓትም ይሁን» የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። በተለይ የመርሳት ችግር ላለበት ሰው የለመደው ፊት ከሰዓቱ ይበልጣል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉት የእኛ ወላጆች ደግሞ የራሳቸው ነገር አላቸው። አማርኛ የሚሰማ ተንከባካቢ ይፈልጋሉ፤ ይህ የሠራተኛውን ምርጫ ያጠባል፣ መንገዱንም ያረዝማል። በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም ግን እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙት እናት ቁርስ የላቸውም። ከሚጨናነቀው ጠዋት ወጥተው ሠራተኛ ወደሚተርፍበት ከሰዓት ይዛወራሉ ማለት ነው። የኤጀንሲውን ቅጽ የሞላው ሰው ይህን ባለመጠየቁ ሠራተኛዋ በጠዋት ሄዳ የማይበላ ቁርስ ትሠራለች። የሰዓት አቆጣጠሩም አለ፦ እማማ «በሦስት ሰዓት ትምጣ» ካሉ ጠዋት ነው፤ ፈረንጁ የሚመዘግበው ከሰዓት በኋላ ነው።

ሌሎች አገሮች የመንገዱን ሰዓት ባለቤት ለመስጠት ሞክረዋል። አውስትራሊያ ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በትርፍ ጊዜም ይሁን በጊዜያዊነት የተቀጠረ የቤት ለቤት ተንከባካቢ ተጠርቶ ከወጣ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ክፍያ እንዲያገኝ፣ የተሰነጠቀ ፈረቃም አበል እንዲኖረው ደነገገች። ለአንዲት የግማሽ ሰዓት ጉብኝት ብቻ ሰው መጥራት ስለሚያከስር፣ ስኬጁል አውጪዎች በአቅራቢያው ያለ ሌላ ደንበኛ መፈለግ ይጠቅማቸዋል። ቡርትዞርግ የተባለው የሆላንድ ድርጅት በሌላ በር ገባ። ስሙ የሰፈር እንክብካቤ ማለት ነው፤ የመሠረተው በ2006 ዮስ ደ ብሎክ የተባለ ነርስ ነው። ቢበዛ 12 ነርሶች አንድ ሰፈር ይይዛሉ፣ ስኬጁሉንም ራሳቸው ያወጣሉ፤ አለቃ የላቸውም። ጉዞው ያጠረው በስሌት ሳይሆን ሰፈሩ አንድ ስለሆነ ነው፤ የትኛው ሽማግሌ አርፍዶ እንደሚነሣም ያውቃሉ። ይሁንና ሆላንድ ለነርስ ጥሩ የሚከፍል የመድን ሥርዓት አላት፤ እንዳለ ገልብጦ ሜሪላንድ መትከል አይቻልም።

አዲስ አበባም ይህ ሥራ ተጀምሯል። ልጆቻቸው ውጭ ያሉ እናቶች ዘንድ ነርስ የሚልኩ ድርጅቶች አሉ፤ ከፋዩም ብዙ ጊዜ ዶላር የሚያገኘው ልጅ ነው። እዚህ በሁለት በሮች መካከል ያለው ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ነው፤ ከሲኤምሲ ጀሞ በጠዋት መሄድ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ዋጋ በጉብኝት ሲተመን ሰልፉን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ካሁኑ ቢጻፍ ይሻላል፤ በኋላ ማስተካከሉ አሜሪካን አርባ ዓመት ፈጅቶባታል።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ የጉዞ ሰዓት ወደሚከፍል ኤጀንሲ ተዛውራለች። ሦስቱ ደንበኞቿ አንድ ሕንፃ ላይ ናቸው፤ በአሳንሰር ነው የምትሄደው። ባለፈው ሰኞ ደውላ ሰላምታ ሳንጨርስ «ደረስኩ» ብላ ዘጋችው። ቅዳሜ ግን ለሁለተኛው ኤጀንሲ ስለምትሠራ እንደ ድሮው አርባ ደቂቃ አወራን።