ከተበተነ መኪና የተገኘ የኤሌክትሪክ ቆላፊ ዲፈረንሻል፤ ሻጭና ገዢ ሊያውቁት የሚገባ

በመርካቶ፣ በሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ውስጥ አልፎ አልፎ ከሌላው የተለየ ዲፈረንሻል ይገኛል። ልዩነቱም ከጎኑ አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር የተገጠመበት መሆኑና ከሞተሩም የተቆረጠ የሽቦ ጭራ ተንጠልጥሎ መታየቱ ነው። የቶዮታ ፋብሪካ ይህን ዕቃ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ለሂሉክስ፣ ለላንድ ክሩዘርና ለመሳሰሉት መኪናዎች በደንበኛው ምርጫ ይገጥመው ነበር። ዛሬ በሱቁ መደርደሪያ ላይ የሚታየው ተጋጭተው ወይም አርጅተው ከተበተኑት መኪናዎች የተፈታው ነው።

የዚህ ዕቃ ፈላጊ የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ ከፍ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ስለዚህ ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለገለ ባለ አራት ጎማ መኪና ያለው ሰው ሌላ ከመግዛት ይልቅ ያለውን ማጠናከር ይመርጣል። ቡና ከገጠር የሚያወጣ፣ ጨው ወይም ሸቀጥ ወደ ጭቃማ ወረዳ የሚያወርድ ነጋዴ በክረምት መንገድ ላይ አንድ ቀን ቢዘገይ የሚደርስበትን ኪሣራ ያውቀዋል።

የዕቃውም ጥቅም በዚሁ ላይ ነው። ተራው ዲፈረንሻል መኪናው ሲዞር የውጭው ጎማ ከውስጡ ይበልጥ እንዲሽከረከር ይፈቅዳል፤ ኃይሉን ግን ለሁለቱም እኩል ስለሚያካፍል አንደኛው ጎማ ጭቃ ላይ ሲንሸራተት ሌላው በደረቅ መሬት ላይ እያለ ዝም ብሎ ይቆማል። ቆላፊው ሲያዝ ሁለቱ ጎማዎች እንደ አንድ ሆነው ይዞራሉ፤ የያዘው ጎማ ያልያዘውን ይዞ ይወጣል።

እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው ዕቃው ከተወለደበት መኪና ወደ አሮጌው ሲዛወር ነው። በአዲሱ ላንድ ክሩዘር ላይ ሥራውን የሚመራ የኤሌክትሪክ ሣጥን ነበረ፤ ያም ሣጥን መኪናው በዝግተኛው የአራት ጎማ ማርሽ ላይ ካልሆነና ፍጥነቱ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር በታች ካልወረደ ቆላፊውን አያስይዝም። በአሮጌው ሂሉክስ ላይ ይህ ሣጥን የለም። ሥራውን የሚረከቡት ሽቦ፣ ሪሌና የሾፌሩ ማስተዋል ናቸው።

ሞተሩ በሁለት ዋና ሽቦዎች ይሠራል። ኃይሉ በአንድ አቅጣጫ ሲገባ ይቆልፋል፤ ሽቦዎቹ ሲገለበጡ ይከፍታል። ይህንን መገለባበጥ በሁለት ባለ አምስት እግር ሪሌዎች መፈጸም ይቻላል። በየሪሌው 30 ተብሎ የተጻፈበት እግር ከአንዱ የሞተር ሽቦ ጋር ይያያዛል። 87 የሚል ቁጥር ያላቸው እግሮች ሁለት ሲሆኑ፣ ከቁጥሩ ጎን ትንሽ ፊደል ያለበት ሪሌው ሳይነሣ የሚያገናኘው ስለሆነ ወደ መኪናው ብረት ይታሠራል፤ ፊደል የሌለው በፊውዝ በኩል ወደ ባትሪው ይሄዳል። 85 እና 86 ሪሌውን የሚያነሡት ናቸው። ሁለቱም ሪሌዎች ባረፉበት ጊዜ የሞተሩ ሁለት ሽቦዎች ከብረት ጋር ስለሆኑ ሞተሩ አይንቀሳቀስም፤ አንደኛው ሲነሣ ይቆልፋል፣ ሌላው ሲነሣ ይከፍታል።

ብዙ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች እዚህ ላይ ሥራው አለቀ ብለው ይተዉታል፤ አላለቀም። በሞተሩ ሣጥን ውስጥ ጫፍ መድረሱን የሚያስታውቁ ትናንሽ ማብሪያዎች አሉ። ሪሌውን የሚያነሣው ቀጭን ሽቦ በእነዚህ በኩል ማለፍ አለበት፤ ያለዚያ ሞተሩ ከጫፍ ደርሶ እንኳ ኃይል ይገፋዋል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። የትኛው ሽቦ የትኛው እንደ ሆነ በቀለም መወሰን አይገባም፤ ቀለሙ ከሥሪት ዓመት ወደ ሥሪት ዓመት ይለያያልና በመለኪያ መሣሪያ መፈተን ግድ ነው። ከዚህም ሌላ በዲፈረንሻሉ ላይ መቆለፉ በእርግጥ መፈጸሙን የሚናገር ማብሪያ አለ። ይህ በሾፌሩ ፊት ካለ ጠቋሚ መብራት ጋር ካልተያያዘ ሾፌሩ ተቆልፎ ይሁን ተከፍቶ ሳያውቅ አስፋልት ላይ ይወጣል። በደረቅ አስፋልት ላይ የተቆለፈ የኋላ ዲፈረንሻል መኪናውን በመታጠፊያ ላይ ወደ ፊት እየገፋ መሪውን እንዳይታዘዝ ያደርጋል፤ ጎማ ይበላል፤ አክስልም ይሰብራል። መብራቱን ለማስገባት የሚጠፋው አንድ ሽቦና አንድ አምፖል ብቻ ሲሆን እርሱን መቆጠብ የሚያስመሰግን ቁጠባ አይደለም። የሚቆልፈው ማብሪያም መኪናው በአራት ጎማ መነዳቱን በሚያሳየው ማብሪያ በኩል ቢያልፍ፣ በከተማ መንገድ ላይ በስሕተት ቢነካ ምንም አያደርግም።

ገና ከግዢው በፊት ሦስት ነገር መመርመር ያሻል። አንደኛው ቮልት ነው። ከአሮጌዎቹ የናፍጣ ላንድ ክሩዘሮች አንዳንዶቹ ሁለት ባትሪ ተያይዘው በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ ለ12 ቮልት የተሠራ ሞተር እዚያ ላይ ቢገጠም ዕድሜው አጭር ነው። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መስረቅም መፍትሔ አይሆንም፤ አንዱ ባትሪ ሲደክም ሌላው ያለ ልክ ይሞላል። ቮልት የሚቀንስ መሣሪያ መግዛት ይሻላል።

ሁለተኛው የጥርስ ቁጥር ነው። ትልቁ ጥርስ 41፣ ትንሹ 10 ቢሆን ስሌቱ 4.10 ነው፤ 43 በ10 ቢሆን 4.30፣ 41 በ9 ቢሆን 4.56 ይሆናል። የፊቱ 4.10 ሆኖ የኋላው 4.30 ቢገባ መኪናው በአራት ጎማ ሲነዳ የፊቱና የኋላው እየተጎተቱ ማርሹን ይሰባብሩታል። ስለዚህ ሻጩ ጥርሱን ቆጥሮ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ይህን ለማድረግ ጨርቅና ኖራ ይበቃል።

ሦስተኛው አካሉ ነው። የሞተሩ ጎን ወጣ ያለ ስለሆነ በአሮጌው የአክስል ቤት ላይ ብረት መቁረጥና አንዳንድ የብሎን ቀዳዳዎችን ማዛወር ያስፈልጋል። ዲፈረንሻሉን ብቻ የሸጠ ነጋዴ ይህን ለገዢው ሳይነግር ቢቀር፣ ገዢው ከጋራዥ ተመልሶ ሲመጣ የሚያመጣው ቅሬታ ነው። የሚቻል ከሆነ ዲፈረንሻሉን ከነአክስል ቤቱ አንድ ላይ መሸጥ ለሁለቱም ወገን ይሻላል።

ዕቃውን ከሻርጃ ወይም ከሌላ ገበያ በሰው የሚያስገዛ ነጋዴ ደግሞ በትእዛዙ ላይ አንድ ነገር ይጨምር፤ የሽቦው ሶኬት ከነተጓዳኙ፣ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ተከትሎት ይምጣ። መኪና የሚበትን ሠራተኛ ለመቻኮል ሽቦውን ከሥሩ ስለሚቆርጠው፣ ሙሉው ዕቃ ግማሽ ዋጋ ብቻ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የተቆረጠ ሽቦ ሊቀጠል ይችላል፤ ነገር ግን በጭቃና በውሃ መካከል የሚኖር ቅጥያ በሚገባ ካልታሸገ ብዙ ክረምት አይሻገርም።

በሱቅ ውስጥ ለመፈተንም ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። በፊውዝ በተያያዘ የ12 ቮልት ባትሪ ሁለቱን የሞተር ሽቦዎች ለአንድ አፍታ መንካት፣ ቀጥሎም ገልብጦ መንካት ነው። ሞተሩ በሁለቱም ጊዜ ድምፅ አሰምቶ ከተንቀሳቀሰ ይሠራል፤ በአንዱ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ወይም እያጉረመረመ ከቆመ ውስጡ ውሃ ገብቶ ዝጓል ማለት ይቻላል። ዝገት የዚህ ዕቃ ዋና በሽታ ሲሆን ይበልጥ የሚይዘው ሳይሠራ የቆመውን ነው። የገዛው ሰው በወር አንድ ጊዜ ከአስፋልት ውጭ፣ ልል አፈር ላይ፣ ቆላፊውን አስይዞ ጥቂት ሜትር ነድቶ እንዲፈታው፣ መብራቱም መጥፋቱን ሳያይ ወደ መንገድ እንዳይመለስ ከደረሰኙ ጀርባ ተጽፎ ቢሰጠው መልካም ነው።