አሟሚው ይተናል፣ ሥራው ይቀራል



ስኳር በውሃ ይሟሟል፤ በዘይት ግን አይሟሟም። ይህ የክፍል ትምህርት በሙዚየም ውስጥ ምን እንደሚሠራ ዛሬ እንመልከት።

የተሰበረ ጥንታዊ ሸክላ የሚጠግኑ ባለሙያዎች ከሚጠቀሙባቸው ማጣበቂያዎች አንዱ ፓራሎይድ ቢ-72 ይባላል። ፖሊመር ነው፤ ማለትም ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። በውሃ አይሟሟም። የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው በአሴቶን ግን ይሟሟል። ሙሙቱ ከተቀባ በኋላ አሴቶኑ ተኖ ፖሊመሩ ብቻ ይቀራል።

ታዲያ አሟሚው ተኖ የሚጠፋ ከሆነ ምርጫው ለምን ያስጨንቃል?

አንደኛ፣ የመትነን ፍጥነት ነው። አሴቶን ቶሎ ስለሚተን ስባሪን ከስባሪ ለማጣበቅ ይመቻል። የሚፈረፈር ሸክላን ከውስጥ ለማጠንከር ሲፈለግ ግን አሴቶኑ ወደ ውጭ ሲጣደፍ ፖሊመሩን ይዞት ሊመለስ ይችላል። ያን ጊዜ ፊቱ ያብረቀርቃል፤ ውስጡ ግን እንደላላ ይቀራል። ቶሉይን ቀስ ብሎ ስለሚተን ፖሊመሩ ጠልቆ እንዲገባ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ትነቱ ግን ለጤና ጎጂ ነው።

ሁለተኛ፣ ሙቀት ነው። ይህ ፖሊመር 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይለሰልሳል። በውስጡ ያልወጣ አሟሚ ካለ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀትም ይለሰልሳል። የካምፓችንን ቀትር የምታውቁ ሁሉ እንደምትገምቱት፣ በሞቃት አገር የተጠገነ ማሰሮ በገዛ ክብደቱ ሊያዘነብል ይችላል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ጥገናውን መፍታት መቻሉ ነው። ነገ ስሕተት ቢገኝ ፓራሎይዱን በአሴቶን መልሶ ማስለቀቅ ይቻላል። የኢፖክሲ ሰንሰለቶች ግን እርስ በርስ ስለሚተሳሰሩ አንዴ ከደረቁ አይሟሙም። ለማስለቀቅ ሲታገሉ ዕቃው ዳግም ሊሰበር ይችላል።

ወላጆች ሆይ፤ ብዙዎቻችን ከቤታችን ይዘን የወጣነው አንድ ፎቶግራፍ ወይም አንድ ሰርተፊኬት ነው። ቢቀደድ በፕላስተር ለመለጠፍ አትቸኩሉ። የፕላስተር ሙጫ ከጊዜ ብዛት ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቢጫ ሊያደርገው ይችላል። አንድም ቁራጭ ሳትጥሉ በንጹሕ ፖስታ አኑሩት። ማንኛውንም ሙጫ ከመቀባታችሁ በፊት «ይህ በምን ይለቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ አትቀቡት።

ለተማሪዎች መልመጃ፦ አሴቶን በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ በእርሱ አትሞክሩ። ይልቁንስ ሁለት ቁራጭ አሮጌ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ አጣብቁ። በደንብ ሲደርቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉትና ቀስ ብላችሁ ለያዩት። ሙጫውን ያላላው ምንድን ነው? ዘይት ቢሆን ኖሮስ?