የቆመ የጀልባ ሞተር ሁሉ የሞተ አይደለም

በጣና ሐይቅ ደሴቶች ላይ የሚገኙት ገዳማት ከዓለም ሁካታ ርቀው ለጸሎት የተመረጡ ስፍራዎች ናቸው። ይሁን እንጂ እህሉም፣ ጧፉና ዕጣኑም፣ መድኃኒቱም፣ ታሞ ወደ ሕክምና የሚሄደው መነኩሴም የሚያልፉት በውሃው ላይ ነው። አባቶቻችን ለዘመናት የተጓዙት ከደንገል በታሰረ ታንኳ ነበር፤ ታንኳው ዛሬም ከአገልግሎት አልወጣም። እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ካለ ከባሕር ዳር ርቆ ከሚገኝ ደሴት ተነሥቶ ወደ ከተማው ለመድረስ በታንኳ ቀኑን ሙሉ መቅዘፍ ያሻል፤ አነስተኛ ሞተር የተገጠመላት ጀልባ ግን በጥቂት ሰዓታት ታደርሳለች። ስለዚህ የአንድ ገዳም የጀልባ ሞተር ሲቆም የሚቀረው ምቾት ብቻ አይደለም። በሌሊት የታመመ ሰው እስኪነጋ፣ ከነጋም በኋላ ሌላ ጀልባ እስኪገኝ ድረስ ይጠብቃል ማለት ነው።

በክትትል ሥራችን ወደ ገዳማቱ በምንሄድባቸው ጊዜያት በዕቃ ቤት ጥግ ተጋድመው፣ አቧራ ለብሰው የሚገኙ ሞተሮችን ደጋግመን አይተናል። ስለ እነርሱ ስንጠይቅ የምንሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «እርሱማ ሞቷል፤ አዲስ ይገዛልን»። ዳሩ ግን ተፈትሸው ካየናቸው መካከል ብዙዎቹን ያቆማቸው የሥራ ብዛት ሳይሆን ሥራ መፍታት ነበር። ሞተሩ ሲቀመጥ በውስጡ የቀረው ቤንዚን ሙጫ ሆኗል፤ ጎማዎቹ ደርቀዋል፤ ብረቱ ግን ደኅና ነው። በምእመናን ምጽዋት የሚገዛ ዕቃ በመሆኑም፣ ከመጣሉና አዲስ ከመጠየቁ በፊት በሥርዓት ሊመረመር ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የምርመራውን ቅደም ተከተልና ምክንያቱን ማስረዳት ነው።

የሞተሩ ጠባይ

በአነስተኛ ጀልባዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ ሁለት ምት፣ በተለምዶ ቱ ስትሮክ የሚባለው ሞተር ነው። የመኪና ሞተር በእያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነዳጅ ሲያቃጥል፣ ይህኛው በእያንዳንዱ ዙር ያቃጥላል። ስለዚህም ክብደቱ ትንሽ ሆኖ ጉልበቱ ብዙ ነው። እንደ መኪና ሞተር ዘይት የሚጠራቀምበት ቋት የለውም፤ ፒስተኑንና ኩሽኔታዎቹን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። የሚቀዘቅዘውም ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ሲሆን፣ ውሃውን የሚገፋው በሞተሩ እግር ውስጥ ያለ የጎማ ክንፍ ያለው ትንሽ ፓምፕ ነው።

ከዚህ አሠራር የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። ዘይት ያልተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተሩን በአጭር ጊዜ ያቃጥለዋል፤ ውሃ ካልደረሰውም እንዲሁ። ቤንዚኑ ተንኖ ዘይቱ ብቻውን ሲቀር ደግሞ ቀጫጭኑን መተላለፊያ ይደፍናል።

ገመዱን ከመሳብ በፊት

ለረጅም ጊዜ የቆመ ሞተር ሲገኝ የሰው እጅ ፈጥኖ የሚሄደው ወደ ማስነሻው ገመድ ነው። ይህ መቅረት አለበት። በሲሊንደሩ ውስጥ ቀጭን ዝገት ተፈጥሮ ከሆነ በድንገት የሚሳብ ገመድ የፒስተኑን ቀለበት ይሰብራል፤ ሲሊንደሩንም ይፍቃል። አስቀድሞ ካንዴላው ይፈታል፤ በቀዳዳው አንድ ማንኪያ ያህል የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ይጨመራል፤ ሞተሩም እንደዚያው አንድ ሌሊት ያድራል። በማግስቱ ከአናቱ ያለው ከባድ መዘውር ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅ በዝግታ ይዞራል። ያለ መታገል ከዞረ ትልቁ ሥጋት አልፏል። እምቢ ካለ ዘይት ጨምሮ ሌላ ቀን መጠበቅ እንጂ በጉልበት ማስገደድ አይገባም።

እመቃውን መለካት

ቀጥሎ የሚለካው ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ኃይል ነው። በካንዴላው ቀዳዳ የእመቃ መለኪያ ይገጠማል፤ የነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ መርፌው ከፍ ማለቱን እስኪያቆም ድረስ ገመዱ ይሳባል። ሁለት ሲሊንደር ባለው ሞተር ዋናው ነገር ሁለቱ ልኬቶች መቀራረባቸው ነው፤ ልዩነታቸው ከአሥር በመቶ ካልበለጠ ደኅና ነው።

እዚህ ላይ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የአምራቹ መመሪያ የሚሰጠው ቁጥር በባሕር ጠለል ላይ ለሚሠራ ሞተር ነው። ጣና ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሐይቅ ነው፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ መመሪያው 100 የሚል ከሆነ በጣና ላይ 80 ገደማ ማንበብ የሚጠበቅ ነው እንጂ ሞተሩ ማለቁን አያሳይም።

በአንድ የደሴት ገዳም ያገኘነው ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ለዚህ ምስክር ነው። ልኬቱ ከመመሪያው በታች በመሆኑ «ፒስተኑ አልቋል» ተብሎ ሦስት ክረምት ቆሟል። በድጋሚ ሲለካ የሁለቱ ሲሊንደሮች ቁጥር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ፤ ዝቅ ማለቱም ከከፍታው ጋር የሚስማማ ነበር። ለሞተሩ ያስፈለገው የካርቡሬተር እጥበት፣ ሁለት ካንዴላ፣ አዲስ የነዳጅ ጎማና የውሃ ፓምፑ የጎማ ክንፍ ብቻ ነበር። የፒስተን መግዣ የተጠየቀበት ገንዘብ ሳይነካ ጀልባዋ ወደ አገልግሎቷ ተመልሳለች።

ብልጭታው

ካንዴላው በገመዱ ላይ እንደ ተሰካ የብረት አካሉ ከሞተሩ ብረት ጋር እንዲነካካ ተደርጎ ማስነሻው ሲሳብ ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። ይህ ሲደረግ ካንዴላው ከሲሊንደሩ ቀዳዳና ከቤንዚን ሽታ መራቅ ይኖርበታል፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና። ብልጭታ ከሌለ ውድ ክፍሎችን ከመጠርጠር በፊት ሞተሩን የሚያጠፋው የደኅንነት ገመድ በቦታው መሰካቱን ማየት ይገባል። ያች ትንሽ ማያያዣ በመጥፋቷ ብቻ «ኤሌክትሪኩ ተበላሸ» የተባለ ሞተር አለ። ካንዴላ ዋጋው አነስተኛ ስለሆነ አሮጌውን አጽድቶ ከመመለስ አዲስ መግጠም ይሻላል፤ ቁጥሩ ግን መመሪያው ከሚለው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ነዳጁ የሚያልፍበት መንገድ

በታንከሩና በጀሪካኑ የቆየው አሮጌ ቤንዚን ሁሉ መወገድ አለበት፤ በአዲስ ቤንዚን ማሳሳት መፍትሔ አይሆንም። የሚወገደውም ወደ ሐይቁ ወይም ወደ መሬት ሳይፈስ ተጠራቅሞ ነው። ካርቡሬተሩ ሲፈታ እያንዳንዱ ደረጃ በስልክ ፎቶ ቢነሣ መልሶ ለመግጠም ይረዳል። ከታች ባለው ትንሽ ጽዋ ውስጥ ቡናማ ሙጫ ከታየ የችግሩ ምንጭ ተገኝቷል ማለት ነው። ነዳጁ የሚወጣባቸው የናስ ቀዳዳዎች በካርቡሬተር ማጽጃ ተነክረው፣ በጎሚስታ ቤት ከሚገኘው ኮምፕረሰር በሚወጣ አየር ይነፋሉ። በሽቦ ወይም በመርፌ መጎርጎር ፈጽሞ አይገባም፤ ቀዳዳው በፀጉር ያህል እንኳ ቢሰፋ የነዳጁ ልክ ይዛባል።

ከታንከሩ እስከ ሞተሩ ያለው ጎማና በእጅ የሚጨመቀው የነዳጅ መሳቢያም ይመረመራሉ። ጎማው ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ አየር ይስባል፤ ሞተሩም ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ በሐይቁ መካከል ይጠፋል። የታንከሩ ክዳን የአየር መተንፈሻ መከፈቱም መረሳት የለበትም።

ውሃውና የሞተሩ እግር

የውሃ ፓምፑ የጎማ ክንፍ ሳይሠራ ሲቀመጥ ወደ አንድ ወገን እንደ ተጣመመ ይደርቃል። በዓይን ደኅና ቢመስልም ለዓመታት በቆመ ሞተር ላይ ያለ ጥርጥር መለወጥ አለበት፤ የእርሱ ዋጋ ከአንድ ፒስተን ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለምና። እርሱን ለማግኘት የሞተሩ እግር ሲወርድ የውሃ መግቢያው ወንፊትም ይጸዳል። በጣና ይህ ልዩ ትኩረት ያሻዋል፤ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሐይቁ ላይ የታወቀው የእምቦጭ አረም ሥሩና ቅጠሉ መግቢያውን ይደፍናል፤ በፕሮፔለሩም ላይ ይጠመጠማል።

ቀጥሎ በእግሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ከታችኛው ብሎን ይቀዳል። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። ለዚህ በሐይቁ ላይ የተለመደው ምክንያት የዓሣ መረብ ክር ነው፤ ከፕሮፔለሩ ኋላ ተጠምጥሞ ዘይት የሚይዘውን ጎማ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ፕሮፔለሩ ተፈትቶ ክሩ ይነሣል፤ ጎማው ይለወጣል። አዲሱ ዘይት የሚሞላው ከታች ወደ ላይ ነው፤ በላይኛው ቀዳዳ ሲፈስ ሞልቷል፤ ብሎኖቹም በአዲስ ሮንዴላ ይታሰራሉ።

ሙከራ

ሞተሩ ያለ ውሃ ለጥቂት ሰከንድ እንኳ መነሣት የለበትም። ፕሮፔለሩ ተፈትቶ፣ እግሩ በውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ይገባል፤ ውሃው ከመግቢያው ወንፊት በደንብ ከፍ ማለት አለበት። ሲነሣ መጀመሪያ ብዙ ማጨሱ ቀድሞ ከተጨመረው ዘይት የተነሣ ነው። ዓይን መቆየት ያለበት ከሞተሩ ጎን በምትወጣው የውሃ መስመር ላይ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልወጣች ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል።

የመጀመሪያው ጉዞ ነፋስ ከመነሣቱ በፊት፣ በጠዋት፣ ከባሕሩ ዳርቻ ሳይርቁ ነው። መቅዘፊያ፣ የሕይወት አድን ጃኬት፣ ትርፍ ካንዴላና የካንዴላ መፍቻ አብረው ይጫናሉ። በሐይቁ ላይ ከቀትር በኋላ ማዕበል እንደሚበረታ ጀልባ ነጂዎች ሁሉ ያውቃሉ፤ ያልተፈተነ ሞተር ይዞ ሰው ጭኖ መውጣት ነፍስን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። የሞተሩ ጉልበት በከፍታው ምክንያት እንደሚቀንስም ታስቦ ጭነቱ ይመጠናል።

ዘይትና ቤንዚን

ልኬቱ የሚወሰነው በአምራቹ መመሪያ ነው። አንድ ለሃምሳ የሚል ከሆነ ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል፤ አንድ ለሃያ አምስት ከሆነ 400 ሚሊ ሊትር። በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ ይሁን። ዘይቱም በውሃ ለሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር የተሠራ፣ በዕቃው ላይ ቲሲ ደብልዩ 3 የሚል ምልክት ያለበት መሆን አለበት፤ የመኪና ሞተር ዘይት አይተካውም። በየመንገዱ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ውሃ ወይም ጋዝ ሊቀላቀልበት ይችላል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ጀሪካኑ አድሮ ከሥሩ ያለው ሳይቀዳ ቢቀር መልካም ነው።

ዘይት ማብዛት ለሞተሩ ደግነት አይደለም፤ ለሐይቁም ጉዳት ነው። በካርቡሬተር የሚሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚወስደው ነዳጅ እስከ ሩብ የሚደርሰውን ሳያቃጥል ከጭሱ ጋር ወደ ውሃው ያስወጣል። ያ ውሃ ዓሣ የሚረባበት፣ በዙሪያው ያለ ሕዝብም የሚጠጣው ነው። ልኩን የጠበቀ ቅልቅልና ንጹሕ ካርቡሬተር ይህን ጉዳት ይቀንሳሉ፤ ፈጽመው ግን አያስቀሩትም። ስለዚህ አዲስ ሞተር የግድ ሲሆን ባለ አራት ምቱን መምረጥ የተሻለ ነው።

መጋቢ ያስፈልገዋል

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ተደርጎ ሞተሩ ቢነሣም ኃላፊ ከሌለው ከዓመት በኋላ ወደዚያው ጥግ ይመለሳል። ያየናቸው ሞተሮች አብዛኞቹ የቆሙት የሁሉም ሆነው የማንም ባለመሆናቸው ነው። ገዳሙ ሁለት አገልጋዮችን በስም ይመድብ፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው እንዲተካ። አንድ መዝገብ ይኑር፤ የተጓዘበት ቀን፣ የተቀዳው ቤንዚንና ዘይት፣ የተለወጠው ዕቃ ይጻፍበት። ሞተሩ ከአንድ ወር በላይ የሚቆም ከሆነ የነዳጅ ጎማው ተነቅሎ፣ በውሃ ውስጥ እንዳለ በካርቡሬተሩ የቀረውን ቤንዚን እስኪጨርስ ይሠራ፤ ከዚያም በሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ተጨምሮ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። የካምቢዮው ዘይትና የፓምፑ የጎማ ክንፍ በየዓመቱ ይታዩ።

ለአዲስ ሞተር ድጋፍ ለመጠየቅ የምታስቡ የገዳማትና የአድባራት አስተዳዳሪዎች ከማመልከቻችሁ ጋር አራት ነገሮችን ብታያይዙ ሥራው ይፈጥናል፦ የእመቃው ልኬት በየሲሊንደሩ፣ ብልጭታ መኖር አለመኖሩ፣ ካርቡሬተሩ ሲከፈት የታየው፣ የካምቢዮው ዘይት ቀለም። እነዚህን ለማወቅ የሚፈጀው አንድ መካኒክና ሁለት ቀን ነው። ሞተሩ በእውነት ሞቶ ከሆነ ማስረጃው ይገኛል፤ ካልሞተ ግን የተረፈው ገንዘብ ለሌላ ደሴት ጀልባ፣ ለሌላ በሽተኛ መድረሻ ይሆናል።