ባትሪው ብቻውን አያድንም

ሀዋሳ ላይ መብራት ሄደ ማለት ዜና አይደለም። ህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ግን ግድቡ ምን ያድርግ? ላፕቶፕ ያለው ሰው ባትሪውን ተማምኖ ሥራውን ይቀጥላል። በራስበሪ ፓይ የትምህርት ቤት ሰርቨር ወይም የሱቅ ካሜራ የሚያሠራው ግን ይህ ዕድል የለውም።

ራስበሪ ፓይ መታወቂያ ካርድ የሚያህል፣ በ2012 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበ ኮምፒውተር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሲስተሙም ፋይሉም ያለው በአንዲት ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ነው። ካርዷ ላይ እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ካለ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ሲብስም መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል።

ለዚህ ሲባል ከኮምፒውተሩ ሰሌዳ ጋር የሚገጠም፣ የሊቲየም ባትሪ የተሸከመ ትንሽ ዩፒኤስ አለ። ብዙ ሰው እሱን ገጥሞ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ባትሪው ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ያው በድንገት ነው የሚጠፋው፤ የተገዛው ጊዜ ብቻ ነው። ባትሪው ሊያልቅ መሆኑን አስቀድሞ የሚነግረው ያስፈልገዋል። ነጋሪው ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም ነው።

ከእነዚህ ዩፒኤሶች ብዙዎቹ የባትሪውን መጠን የሚለካ ቺፕ አላቸው፤ ማክስ17043 አንዱ ነው። ቺፑ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው በሁለት የመረጃ መስመሮች ነው። የኮምፒውተሩ ሲስተም ሊኑክስ በእነዚህ መስመሮች ላይ ማን እንዳለ ራሱ ፈልጎ ስለማያገኝ፣ ዲቫይስ ትሪ በሚባለው ፋይል «በዚህ አድራሻ እንዲህ ያለ ቺፕ አለ» ተብሎ ይጻፍለታል።

ጣጣው ንባቡ ላይ ነው። ቺፑ ቮልቴጁን በ1.25 ሚሊቮልት እየሸነሸነ ይቆጥራል፤ 3.7 ቮልት ሲሆን ቁጥሩ 2960 ይሆናል። ቁጥሩ በሁለት ባይት ሲላክ ቺፑ ትልቁን ያስቀድማል፣ የሊኑክሱ ማንበቢያ ደግሞ ትንሹን ይጠብቃል። ፕሮግራመሩ ማገላበጡን ከረሳ ያው 3.7 ቮልት 14 ሚሊቮልት ገደማ ሆኖ ይነበባል። ደህናው ባትሪ ሞቷል ተብሎ ኮምፒውተሩ ይዘጋል ማለት ነው።

የድራይቨሩ ግንባታ ራሱ ቀላል ነው። በሲ የተጻፈው ኮድ በ«ሜክ» ትእዛዝ የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ሞጁል ይሆናል፣ «ሞድፕሮብ» ይጭነዋል። ሞጁሉ ግን ከተገነባበት ከርነል ጋር የተቆራኘ ነው፤ ሲስተሙ ሲታደስ አልጫንም ሊል ይችላል። ዲኬኤምኤስ ከርነል በተቀየረ ቁጥር መልሶ ስለሚገነባው እሱን መጠቀም ይሻላል። ለግንባታው የሚያስፈልጉትን የከርነል ሄደሮች አስቀድሞ ማውረድ ነው፤ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ደግሞ ከባዶ ከመጀመር በፊት የሊኑክስን ሶርስ ኮድ ማየት ድካም ይቀንሳል፤ ለዚህ የቺፕ ቤተሰብ የተዘጋጀ ድራይቨር እዚያው አለ።

ድራይቨሩ ሥራው መንገር ብቻ ነው። ቁጥሩን እያየ «ዝጋ» ብሎ የሚያዝ ሌላ ፕሮግራም ከላይ ይቀመጥበታል። ሁሉም ሲገጣጠም የካርዱን ቅጂ አስቀምጡና ሶኬቱን ንቀሉት፤ ባትሪው ሲወርድ ኮምፒውተሩ በራሱ በሥርዓት ካልተዘጋ ሥራው ገና ነው።