የጣልያን አይብ ከሩቅ አገር ስለ መግዛት

እኛ ባስቶ የምንለው ፓስታ በዶሎ ኦዶ እንግዳ ምግብ አለመሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጣልያኖች ሶማሊያን ይገዙ በነበረበት ዘመን በዚያ አገር ተለምዶ፥ ወንዙን ተሻግሮ ከእኛም ጋራ ኖሯል። በላዩ የሚነሰነሰው አይብ ግን አብሮት አልዘለቀም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ወደ ኋላ የቀረው አይብ ነው።

አዎዌ የምንለው ወንድ አያቴ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ እስከ ሞቃዲሾ ይመላለስ ነበር። በዚያ በባስቶው ላይ ተፍቆ የቀረበለትን አይብ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አምና ታሞ ምግብ አልወስድ ባለው ጊዜ «ያንን አይብ አንድ ጊዜ እንኳ ብቀምሰው» አለ። አጎቴ አንዲት ፍየል ሸጦ ገንዘቡን ሰጠኝ፤ በቤታችን በኢንተርኔት ዕቃ ማዘዝ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝና።

እኔም ፎቶግራፉ ስላማረኝ ብቻ ከአንድ የአዲስ አበባ ሱቅ ሞዛሬላ የሚባለውን ነጭ አይብ አዘዝሁ፤ ሒሳቡንም በቴሌብር ላክሁ። ዕቃው በነገሌና በፊልቱ በኩል በመኪና ተጭኖ በአምስተኛው ቀን ደረሰ። ላስቲኩ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ነበር፤ በከፈትነው ጊዜ ሽታው ግቢውን ሞላው። አዎዌ ሳይቆጣ «የኔ አይብ ይህ አይደለም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ፍየሊቱም በከንቱ ሄደች። ሱቁ የታዘዘውን ልኳል፤ ያላወቅሁት እኔ ነበርሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት መመርመር ጀመርሁ። ምስጢሩ ከውሃው ላይ ነው። ከሞዛሬላ ግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው፤ ስለዚህ ከቀዝቃዛ ቦታ ከወጣ በእኛ ሙቀት አይቆይም። ከአረራ የሚወጣው የደጋው አይብም እንዲሁ ነው። እናቶቻችን ሥጋውን አድርቀውና ጠብሰው በቅቤ ውስጥ የሚያስቀምጡት ኦድካዕ ግን ለወራት ይቆያል፤ ውሃው ወጥቷልና። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የተባለው የጣልያን አይብ የኦድካዕ ወገን ነው ብል አልተሳሳትሁም። በውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ 30 ያህል ብቻ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። የማታው ወተት አድሮ ቅባቱ ከላዩ ይገፈፍና ከጠዋቱ ወተት ጋራ በመዳብ ጋን ይደባለቃል። ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ነገር ረግቶ፥ ተሰባብሮ፥ እስከ 55 ዲግሪ ይሞቃል። ከዚያም ለሳምንታት በጨው ውሃ ተነክሮ ቢያንስ 12 ወር ይቀመጣል። 40 ኪሎ ግራም ያህል ለሚመዝን አንድ ድፍን አይብ 550 ሊትር ገደማ ወተት ይፈጃል፤ ዋጋው ስለ ምን እንደሚከብድ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዓመት ሲሞላው መርማሪ በትንሽ መዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው በድምፁ ይታወቃል። ምርመራውን ላለፈው በጋለ ብረት ማኅተም ይደረግለታል።

(የግመል ወተታችንስ እንዲህ አይሆንምን? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ካፓ ኬዚን የተባለው ፕሮቲን በግመል ወተት ውስጥ ጥቂት ስለ ሆነ በጥጃው ማርጊያ በደንብ አይረጋም። ከግመሉ ከራሱ በተገኘው ማርጊያ ግን ይረጋል።)

እንግዲህ ገዢው ምን ይመልከት? አስቀድሞ ተፈጭቶ በጣሳ የታሸገውን ይተው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ፓርሜዛን የሚለው ስም ለእውነተኛው ብቻ የተጠበቀ ነው፤ በአሜሪካ ግን ሌላ አይብም በዚህ ስም ይሸጣል፤ በተፈጨውም ውስጥ እንዳይጣበቅ ሴሉሎስ ይጨመራል። ቅርፊት ያለበትን ቁራጭ ይጠይቅ፤ በቅርፊቱ ላይ ስሙ በነጠብጣብ ፊደል ታትሞ ይታያል። ወተት፥ ጨውና ማርጊያ ብቻ መሆኑንና የቆየበትን ወር ያንብብ። እኔ 24 ወር የቆየውን እመርጣለሁ። በውስጡ የሚታየው ነጭ ፍሬ ሻጋታ እንዳይመስላችሁ፤ የዕድሜው ምልክት ነው። በመጨረሻም ስንት ቀን በመንገድ እንደሚያድርና አየር በወጣለት ላስቲክ መታሸጉን ሳይጠይቅ ገንዘብ አይላክ።

ስለ ጥጃው ማርጊያ አዎዌ ራሱ ሼኹን አማክሯል፤ እኔ በዚህ ነገር አልገባም። ከዕፀዋት በተገኘ ማርጊያ የሚሠሩ ሌሎች አይቦች ስላሉ የሚጠራጠር ሰው ጽሑፉን ያንብብ።

ሁለተኛውን ጊዜ ጣልያን አገር የምትኖረው አክስቴ ከአንድ አይብ ቤት በኢንተርኔት አዝዛ በፖስታ ቤቷ ድረስ ከመጣላት በኋላ፥ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ላከችልን። ከዚያ እስከ ዶሎ ስድስት ቀን ፈጀ። ላስቲኩ አልተነፋም፤ ቅባቱ ብቻ እንደ ላብ ወጥቶበት ነበር። እናቴ ጠርጋ በባስቶው ላይ ፈቀፈቀችው። አዎዌ ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠና «ጨዉ ያው ነው» አለ። የሳህኑንም እኩሌታ በላ። ቅርፊቱን ልጥለው ብነሣ እጄን ያዘኝ፤ በማግሥቱ በሾርባ ውስጥ አስቀቀለው።