ክሪስታል ውስጥ የታሰረው ፍሪ ራዲካል

አላኒን ተራ አሚኖ አሲድ ነው። ነጭ ዱቄት ነው፤ በምንበላው ፕሮቲን ውስጥም አለ። ከጥቂት ማጣበቂያ ጋር ተጨምቆ ትንሽ ክኒን ሲሆን ግን የጨረር መለኪያ ይወጣዋል። መርፌና ጓንት በጨረር የሚያጸዱ ፋብሪካዎች መጠኑን ከሚያረጋግጡባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

ጨረሩ ክኒኑን ሲመታ ከአንዳንድ ሞለኪውሎች ላይ የአሚኖው ክፍል ይነቀላል። የቀረው ቁራጭ ጥንዱን ያጣ ኤሌክትሮን ተሸክሞ ይቀመጣል። ፍሪ ራዲካል ማለት ይህ ነው።

የቆዳ ቅባት ማስታወቂያ ስሙን ስላጠፋው፣ ፍሪ ራዲካል ሲባል ያገኘውን ሁሉ አጥቅቶ በቅጽበት የሚጠፋ ነገር ይመስለናል። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ወዳጄም «ለዓመታት ይቆያል» ስለው ስቆብኛል። እርግጥ ፈሳሽ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው። ክሪስታል ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሁለት ራዲካሎች የሚጠፉት ተገናኝተው ኤሌክትሮኖቻቸውን ሲያጣምሩ ነው፤ ለመገናኘት ደግሞ መንቀሳቀስ ይኖርባቸዋል። አላኒን በአንድ ጫፉ አዎንታዊ፣ በሌላው አሉታዊ ሙል ስለሚይዝ ሞለኪውሎቹ እንደ ጨው ይሳሳባሉ፤ የሃይድሮጅን ትስስርም ይጨመርበታል። ራዲካሉ ከልክ በላይ በጫነ ታክሲ ውስጥ እንደተጣበቀ ተሳፋሪ ዘወር ማለት አይችልም። ያው ክኒን ውሃ ውስጥ ቢጣል ክሪስታሉ ሲሟሟ ራዲካሎቹም አብረው ያልቃሉ።

ጨረሩ በበዛ መጠን ራዲካሎቹም ይበዛሉ፤ ቆጠራቸው የሚካሄደው የፊዚክስ ሊቁ የቭጌኒ ዛቮይስኪ እ.ኤ.አ. በ1944 ካዛን ውስጥ ባገኘው ዘዴ ነው። ክኒኑ በጠንካራ ማግኔት መካከል ገብቶ ማይክሮዌቭ ይለቀቅበታል፤ ጥንድ አልባው ኤሌክትሮን ከሞገዱ ኃይል ይውጣል። በአቅራቢያው ያሉ አራት ሃይድሮጅኖች ምልክቱን በአምስት መስመር ይከፋፍሉታል፤ የመስመሮቹ ጉልበትም ወደ 1፣ 4፣ 6፣ 4፣ 1 ይቀርባል። ከዚህ ያማረ ምልክት አላውቅም። ንባቡም ራዲካሎቹን ስለማያጠፋ፣ ውጤቱን የተጠራጠረ ሰው ያንኑ ክኒን መልሶ ያነባል።

አላኒን ለትልቅ መጠን፣ ለኪሎግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን አሃድ ነው)፣ ምቹ ነው። በካንሰር ሕክምና የሚሰጠው ጥቂት ግሬይ ላይ ግን ምልክቱ ይደክማል። ለዚህም ሊትየም ፎርሜትንና አሞኒየም ታርትሬትን የመሰሉ፣ ለጨረር ይበልጥ ስሱ የሆኑ ጨዎች ተሞክረዋል።

የሚያናድደኝ አያያዛችን ነው። ክኒኑን ላብ ባለው እጅ ይዞ፣ እርጥበት ባለበት መሳቢያ ወርውሮ፣ ኋላ «መለኪያው ዋሸ» ማለት አግባብ አይደለም። እባካችሁ በወረንጦ ያዙት፣ ደረቅ ዕቃ ውስጥ አሽጉት፣ ጨረሩ ሲያርፍበት የነበረውን ሙቀትም መዝግቡ።